ሟች አቤቱታ የማቅረብ መብት አለው

(ሰንበሌጥ ከተማ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ትናንት አባቱ የሞተበት የክልሉ ምክር ቤት የሕግ ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ስንሻው፣ በሙሾ አውራጇ በእትዬ አንጓች ጓሮ፣ እሷ ጎመን እየቀነጠሰች።)

አንጓች፦ ድልድይ ተሻግሬ አላለቅስም ብያለሁ። ስንቴ ልንገርዎት፣ የተከበሩ?

ስንሻው፦ እትዬ አንጓች፣ እባክዎ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ። ጎረቤት ይሰማል።

አንጓች፦ ይስማ። ጮክ ብሎ ጎመን መቀንጠስም ተከለከለ?

ስንሻው፦ እየለመንኩዎት ነው እኮ። ድንኳኑ ማዶ ተተክሏል፣ ወንበሩም ተጭኖ ሄዷል። መኪና ልኬ ከደጅዎ አስነሳዎታለሁ፣ ሲያበቃ መልሼ አደርስዎታለሁ። ከድልድዩ ወዲያ ያለው መሬት የሌላ ክልል ነው። የኛ አዋጅ እዚያ አይሠራም። እንደ ልብዎ ያወርዳሉ።

አንጓች፦ የአባትዎ የጋሽ ፈንታሁን ቤት የት ነው?

ስንሻው፦ እዚሁ። ከገበያው በታች።

አንጓች፦ ዕድሜ ልካቸውን ድንጋይ ሲጠርቡ፣ የሰው ቤት ሲገነቡ የኖሩትስ?

ስንሻው፦ እዚሁ ነው።

አንጓች፦ ታዲያ አስከሬናቸው ምን አጥፍቶ ነው ክልል የሚቀይረው?

ስንሻው፦ አስከሬኑ አይሄድም። ቀብሩ እዚሁ ነው፣ ነገ በዘጠኝ ሰዓት። ለቅሶው ብቻ ነው ማዶ የሚሆነው።

አንጓች፦ ቀብሩ እዚህ፣ ለቅሶው ማዶ። እንባዬን በጀሪካን ይዤ ልሻገር?

ስንሻው፦ እንደዚያ አያድርጉት። ሕጉ "በክልሉ ወሰን ውስጥ" ነው የሚለው። ከወሰኑ ውጭ ማንም አይነካዎትም።

አንጓች፦ ማነው ያንን ሕግ የጻፈው?

ስንሻው፦ ያውቁታል።

አንጓች፦ ከአፍዎ ልስማው። ዓይንዎን በጨው ታጥበው እስከ ጓሮዬ ከዘለቁ አይቀር።

ስንሻው፦ ኮሚቴው ነው። ሰብሳቢው እኔ ነኝ።

አንጓች፦ "የሐዘን ሥነ ሥርዓት ማሻሻያ አዋጅ።" ስሙን ሲሰሙት ለሐዘንተኛ የሚያስብ ይመስላል። ውስጡ ሲገቡ ግን በለቅሶ ላይ የሞትን ምክንያት በግጥም መናገር ክልክል ነው። አረፈ ማለት ይቻላል፣ ምን አሳረፈው ማለት አይቻልም። እኔ ስንት ዓመት ያወረድኩት ምን አሳረፈው እያልኩ ነው። የቀረችኝ "አረፈ" ናት። እሷን ደግሞ ማንም ይላታል፣ አልቃሽ አያስፈልጋትም።

ስንሻው፦ ዓላማው ያ አልነበረም። ጎጂ ልማድ ለማስቀረት ነው የታሰበው። ፊት መንጨት፣ ደረት መድቃት፣ ለተዝካር መበደር። የሴቶችን ሰብዓዊ መብት ለማስጠበቅ ተብሎ መግቢያው ላይ በግልፅ ሰፍሯል።

አንጓች፦ የኔንም መብት?

ስንሻው፦ የእርስዎንም።

አንጓች፦ መብቴን ለማስጠበቅ ነዋ ፖሊስ ጣቢያ ሲሚንቶ ላይ እየደጋገማችሁ ያሳደራችሁኝ።

ስንሻው፦ እሱ አፈጻጸም ላይ የታየ ክፍተት ነው።

አንጓች፦ ወገቤ ላይ ነው የታየው። እውነቱን እናውራ ካሉ፣ እናንተን ያንገበገባችሁ የዘውዲቱ ልጅ በምጥ የሞተች ጊዜ ያወረድኳት ናት።

ስንሻው፦ እባክዎ እሷን አያንሷት።

አንጓች፦ ለምን አላነሳት? ለቅሶ ላይ አይደለሁም፣ ጎመን መሀል ነኝ።

ምጥ ይዟት ስትጣራ መኪናው የት ሄደ፣
የሹም ልጅ ሰርግ ላይ ሲያጅብ አረፈደ።

ስንሻው፦ አምቡላንሱ ሰርጉ ላይ የተመደበው ለጥንቃቄ ነበር።

አንጓች፦ አበባ ለጥፎ፣ ሪባን አስሮ፣ ጥሩንባ እየነፋ። ምን ሊጠነቀቅ ነው? ሙሽራው እንዳያምጥ?

ስንሻው፦ ጥሩ አልነበረም። እሺ፣ ጥሩ አልነበረም።

አንጓች፦ የልጅቱ መቃብር ላይ ሣር ሳይበቅል አዋጅ ወጣ። መኪናው ዛሬም ሰርግ ያጅባል። የተከለከለው ግጥሙ ነው።

ስንሻው፦ እትዬ አንጓች፣ ክልሉ ሕግ የማውጣት ሥልጣን አለው። ለፌዴራሉ ተለይቶ ያልተሰጠ ጉዳይ ሁሉ የክልል ነው። ለቅሶ ደግሞ ለፌዴራል አልተሰጠም።

አንጓች፦ ያልተሰጠ ሁሉ የኛ ነው አላችሁና የሰው ጉሮሮ ውስጥ ገባችሁ።

ስንሻው፦ ገደብ የለውም አላልኩም። ሕገ መንግሥቱ ሰው ሐሳቡን በነፃነት ይግለፅ ይላል፤ የክልል ምክር ቤትም ያንን የማክበር ግዴታ አለበት። ይሄን አውቃለሁ። ስብሰባ ላይም አንስቼዋለሁ።

አንጓች፦ ምን ብለው አነሱት?

ስንሻው፦ "ከመብት አንፃር ቢታይ" ብዬ።

አንጓች፦ ቢታይ።

ስንሻው፦ አፈ ጉባኤው "ታይቷል" አሉ።

አንጓች፦ ከዚያስ?

ስንሻው፦ ከዚያማ ድምፅ ተሰጠ። በሙሉ ድምፅ ፀደቀ።

አንጓች፦ የእርስዎም እጅ አለበት።

ስንሻው፦ በሙሉ ድምፅ አልኩዎት እኮ።

አንጓች፦ ለመሆኑ አንብባችሁታል?

ስንሻው፦ ምኑን?

አንጓች፦ አዋጁን ነዋ። የእህቴ ልጅ ቁጭ ብላ አነበበችልኝ። "ሟች ማለት በክልሉ ውስጥ የሚኖር ማንኛውም ሰው ነው" ይላል። እኔ ጎመን የምቀነጥሰው ሞቼ ነው?

ስንሻው፦ እሷ የጽሕፈት ስህተት ናት። ጊዜ አልነበረንም፤ የመጠጥ ውሃውን አዋጅ እንደ መነሻ ወሰድነው። "ተጠቃሚ" የሚለውን ሁሉ በ"ሟች" ተካው አልነው ለባለሙያው። እሱም ኮምፒውተሩ ላይ አንዴ ነካ አድርጎ ሁሉንም ተካው።

አንጓች፦ ለዚህ ነዋ "ሟች ቆጣሪ መነካካት የለበትም" የሚለው።

ስንሻው፦ በማሻሻያ ይወጣል።

አንጓች፦ "ሟች አገልግሎት ሲጓደልበት አቤቱታ የማቅረብ መብት አለው።" ይቺን ስሰማ ሳቄ አላስቀምጥ አለኝ። ቋሚው አፉን እንዲይዝ አዛችሁ፣ ለሟች አቤቱታ ፈቀዳችሁ። ያን ሁሉ ሰው አዳራሽ ሞልታችሁ፣ ውሃ በላስቲክ ተደርድሮላችሁ፣ አንድ የሚያነብ ጠፋ?

ስንሻው፦ አባዬም ይሄንኑ ነው ያሉኝ።

አንጓች፦ አንብበውት ነበር?

ስንሻው፦ መነፅራቸውን አድርገው ከዳር እስከ ዳር። ከዚያ ወዲህ ቤት በገባሁ ቁጥር "ሟች፣ መጣህ?" ይሉኝ ነበር። ሰው ፊት ሳይቀር። የኮሚቴ አባላት ይዤ ምሳ የሄድኩ ዕለት "ሟቾች፣ ግቡ እንጂ፣ እጃችሁን ታጠቡ" አሏቸው።

አንጓች፦ ጋሽ ፈንታሁን። አፈር አይክበዳቸው።

ስንሻው፦ አንተ ይበሉኝ፣ እትዬ አንጓች። እዚህ ሰፈር ነው ያደግኩት። "እርስዎ" ሲሉኝ የሚሰድቡኝ ነው የሚመስለኝ።

አንጓች፦ መሰለዎት እንዴ? አንተ የምለው ስንሻው የሚባል ልጅ ነበር። ምክር ቤት ከገባ ወዲህ አላየሁትም። ለመሆኑ አባትዎን ምን ገደላቸው?

ስንሻው፦ ድንገተኛ ሕመም።

አንጓች፦ ድንገተኛ ሕመሙ የት ነው ያገኛቸው?

ስንሻው፦ መንገድ ላይ።

አንጓች፦ የቱ መንገድ?

ስንሻው፦ ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን ለምን ይጠይቁኛል?

አንጓች፦ ከተማውማ ያውቃል። እርስዎ ያውቁ እንደሆነ ነው የምጠይቀው።

ስንሻው፦ የምክር ቤቱ አዲሱ ሕንፃ ፊት ለፊት ነው። ቦይ ውስጥ።

አንጓች፦ ክዳን የሌለው ቦይ።

ስንሻው፦ አዎ፣ ክዳን የሌለው። ሕንፃው ሲመረቅ ክዳኑ አልደረሰም ነበር፤ ለምርቃቱ ጣውላ ተደርጎበት ምንጣፍ ተነጠፈበት። በማግስቱ ጣውላውን ባለቤቱ ወሰደው። እኛ ደግሞ "ግንባታው ሙሉ በሙሉ ተጠናቋል" የሚል ሪፖርት ቀረበልንና አፀደቅን።

አንጓች፦ በሙሉ ድምፅ።

ስንሻው፦ አባዬ በየሳምንቱ እየሄዱ ጥበቃውን "ክደኑት፣ ሰው ይገባበታል" ሲሉት ነበር የከረሙት። ሰው ይመጣና "አባትህ እኮ አሰደቡህ" ይለኛል። እኔም ተቆጣኋቸው። ግንበኛ ነበርክ አሁን ግን ጡረተኛ ነህ፣ አርፈህ ተቀመጥ አልኳቸው። አንተ ብዬ። አባቴን አንተ ብዬ።

አንጓች፦ ምን አሉ?

ስንሻው፦ ከትናንት በስቲያ ማታ ዝናብ ሲያባራ ሜትራቸውን ይዘው ወጡ። ስፋቱን ለክተው ክዳኑን ራሳቸው ሊሠሩት። ጧት ጥበቃው ሲያገኛቸው ሜትሩ እጃቸው ላይ ተዘርግቷል። እስከ እኩለ ቀን ቆይተው አለፉ።

አንጓች፦ ራሳቸውን ያውቁ ነበር?

ስንሻው፦ አልፎ አልፎ። እጄን ይዘው አንድ ነገር ብቻ ነው ያሉኝ። "ለአንጓች ንገራት።" ለዚህ ነው የመጣሁት። ሌላ አልቃሽ ማምጣት እችል ነበር፤ ስምዎን የጠሩት እሳቸው ናቸው። በእርስዎ አፍ ሳይለቀስላቸው አፈር ቢገቡ እኔ በምን ሆዴ እኖራለሁ? ይህን ብቻ ያድርጉልኝ።

አንጓች፦ እስቲ ድገመው። ምን አሉህ?

ስንሻው፦ "ለአንጓች ንገራት።"

አንጓች፦ "ጥራት" አሉህ?

ስንሻው፦ ያው አይደል?

አንጓች፦ ምን ያው ነው? ሕግ ጻፊ ነኝ ትላለህ፣ አንዲት የአባትህን ቃል ማንበብ ያቅትሃል? "ጥራት" ቢሉህ መጥታ ታልቅስልኝ ማለት ነው። "ንገራት" ነው ያሉህ። ምን እንደገደለኝ ንገራት ነው። አንተ ደግሞ ጓሮዬ ቆመህ ድንገተኛ ሕመም ትለኛለህ።

ስንሻው፦ አሁን ነገርኩዎት እኮ።

አንጓች፦ በመንጠቆ አወጣሁልህ እንጂ መቼ ነገርከኝ።

ስንሻው፦ እሺ፣ አሁን ያውቁታል። ስለዚህ ይምጡልኝና ማዶ ላይ...

አንጓች፦ ማዶ ላይ ስለ ቦዩ ለማን ነው የማወርደው? ለማዶ ሰው? ቦዩ እዚህ፣ ሕንፃው እዚህ፣ ሪፖርቱን ያፀደቁት እዚህ። ማዶ ያሉት ሰዎች ምን አጠፉ?

ስንሻው፦ እዚህ ቢያወርዱ ምን ይፈይዳል? ያውቁታል የሚሆነውን። ይወስዱዎታል፣ ሁለት ሌሊት ያሳድሩዎታል፣ ይለቅቁዎታል። ክስ የለም። ነገም ያው፣ ተነገ ወዲያም ያው።

አንጓች፦ እሱንማ ጠበቃ ይዤ ጠይቄያለሁ። "ክስ ከሌለ ምን ይዤ ልከራከር" አለኝ። እስቲ ንገረኝ፣ ለምንድን ነው የማይከሱኝ? እኔ ስንት ጊዜ ክሰሱኝ ብዬ ለምኜአለሁ።

ስንሻው፦ ይቅር፣ እሱን ይተዉት።

አንጓች፦ አልተውም።

ስንሻው፦ ከከሰስንዎት ጠበቃዎ አዋጁ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሎ ይነሳል። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለትርጉም አዲስ አበባ ይልከዋል። እዚያ ከደረሰ አዋጁ ይወድቃል፣ ሊድን አይችልም። ስለዚህ ክስ እንዳይመሠረት፣ አሳድሮ መልቀቅ ብቻ እንዲሆን ተባለ።

አንጓች፦ ማን አሰበው ይሄን?

ስንሻው፦ እኔ።

አንጓች፦ ጎበዝ። "ቢታይ" ስትል ያየኸው ይሄንን ነዋ። መብት መኖሩን ታውቃለህ፣ መንገዱንም ታውቃለህ፣ መንገዱ ላይ ቁጭ ብለህ ታሳልፋለህ ታግዳለህ። አንተ ባታውቅ ይሻለኝ ነበር። አለማወቅ ቢሆን በዘመድ ይመከራል ብዬ እተውህ ነበር።

ስንሻው፦ ይስደቡኝ። ይገባኛል።

አንጓች፦ መሳደቤ አይደለም፣ ሥራህን መቁጠሬ ነው። አንተ ራስህ ብታወርድስ?

ስንሻው፦ ምን?

አንጓች፦ ነገ፣ አባትህ ግቢ፣ አንተ ብታወርድ። ጣቢያ ወስደው ሲሚንቶ ላይ ያሳድሩሃል?

ስንሻው፦ እኔንማ አይነኩኝም። የምክር ቤት አባል ያለመከሰስ መብት አለው። ከባድ ወንጀል ስሠራ እጅ ከፍንጅ ካልያዙኝ በቀር መታሰርም መከሰስም የለም።

አንጓች፦ ሙሾ ከባድ ወንጀል ነው?

ስንሻው፦ ቀላል እስራት ነው ያስቀመጥንበት። ስለዚህ መጀመሪያ ምክር ቤቱ ተሰብስቦ መብቴን በድምፅ ማንሳት አለበት።

አንጓች፦ ሲሰበሰብ ምን ብሎ ነው የሚጀምረው?

ስንሻው፦ ያጠፋሁት ነገር ይነበባል። ለቅሶ ላይ ይህን ይህን ብሏል ተብሎ ቃል በቃል... ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል። ስብሰባው በቴሌቪዥን...

አንጓች፦ ቀጥል።

ስንሻው፦ በቴሌቪዥን ይተላለፋል።

አንጓች፦ ስለ ቦዩ አፈ ጉባኤው ራሱ ያነብልናል ማለት ነው። በዚያ ወፍራም ድምፁ።

ስንሻው፦ እትዬ አንጓች፣ ይሄማ አይሆንም።

አንጓች፦ መብትህን ካነሱ ይከሱሃል። ከከሰሱህ ያ ለኔ የዘጋኸው መንገድ ለአንተ ይከፈታል። ካላነሱትስ?

ስንሻው፦ ካላነሱት የምክር ቤት አባል አዋጁን ጥሶ ዝም ተባለ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እርስዎንም ሆነ ሌላ ሰው በምን ዓይናቸው ያስራሉ?

አንጓች፦ አየህ፣ ስታስብበት ጭንቅላት አለህ።

ስንሻው፦ ወንበሬን አጣለሁ።

አንጓች፦ ታጣለህ።

ስንሻው፦ ልጆች አሉኝ።

አንጓች፦ እኔም የእህቴን ልጅ የማስተምረው ከዚህ ጉሮሮ ነበር። ድልድይ ፈልግልኝ አላልኩህም።

ስንሻው፦ እኔ ደግሞ አውራጅ አይደለሁም። ድምፄም ግጥሜም አይሆንም። ሰው ይስቅብኛል።

አንጓች፦ "ሟች ቆጣሪ መነካካት የለበትም" ብለህ ፈርመህ ያልሳቀብህ ሰው በአባትህ ለቅሶ አይስቅብህም። እኔ አጠገብህ እቆማለሁ። አንተ አውርድ፣ እኔ እቀበላለሁ። አዋጃችሁ ያወረደ ይቀጣል ይላል እንጂ የተቀበለ አይልም፣ እሱንም ረስታችሁታል።

ስንሻው፦ አፈ ጉባኤው ይመጣሉ። ካቢኔው በሙሉ ይመጣል። ፊት ለፊት ነው የሚቀመጡት።

አንጓች፦ ይምጡ እንጂ። እየው ስንሻው፣ አባትህ ሞተዋል። ሟች ደግሞ አገልግሎት ሲጓደልበት አቤቱታ የማቅረብ መብት አለው፤ እጅህን አውጥተህ ሰጥተሃቸዋል። አሁን ግን አፍ የላቸውም። በማን አፍ ያቅርቡ?

ስንሻው፦ ምን ብዬ ልጀምር?

አንጓች፦ የሆነውን።

ስንሻው፦ "የቤታችን ዋርካ፣ ያገር መከታ ሆይ..."

አንጓች፦ ዋርካውን ተው። ዋርካ ቦይ ውስጥ አይገባም። ይሄንን ለአፈ ጉባኤው ሞት አስቀምጥለት። ለእኔ የነገርከኝን በለው።

ስንሻው፦ ከአፌ አይወጣም።

አንጓች፦ እንግዲያው ድንኳንህ ማዶ ተተክሏል፣ ሂድ። ሌላ ሴት ፈልግ፣ አረፉ ትልልሃለች፣ ንፍሮ ትበላላችሁ፣ ትበተናላችሁ። እኔም ጎመኔን ልጨርስበት።

ስንሻው፦ ቆይ፣ እትዬ አንጓች። ቆይ።

አንጓች፦ ቆምኩ።

ስንሻው፦ ተጠናቋል ብዬ እጄን ያወጣሁ ለት፣
አባቴን ነው ለካ ቦይ ውስጥ የጣልሁት።